የሲኞራ የምሳ ሰዓት ዘመዶች

ይድረስ ለክቡር የከተማችን የንግድ ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ በዚህ መንገድ ለሚያልፍና ምሳውን ላልበላ ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፦

እንደምን ሰንብተዋል? ቢሮዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና፣ ለሚፈርመው እጅዎ ብርታት፣ በተለይም ለሆድዎ ሰላም እመኛለሁ። ሆድዎን ከሌላው አካልዎ ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ወደ ታች ወረድ ሲሉ ያገኙታልና እባክዎ አይቸኩሉ፤ እኛ የዚህ መንገድ ሰዎች ምሳችንን ከተነጠቅን ወዲህ የመጣውን ሁሉ በትዕግሥት መጠበቅ ለምደናል፤ ስላስለመዱን እናመሰግናለን።

እኔ ከሲኞራ ሱቅ ፊት ለፊት ቁልፍ እየቀረጽኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሙያዬ በር ነው። በር ሲዘጋ ከሚጠቀሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ፣ እኔ ራሴ ይህስ በር ባይዘጋ ይሻል ነበር ካልኩ ነገሩ የቱን ያህል እንደከፋ ለመገመት ክቡርነትዎ አይቸገሩም። ተጠራጣሪ ሰው መሆኔንም አልደብቅም። ባለቤቴ የገዛ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ጥላዬ ሲመሽ የት እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች አንዳንድ ጥርጣሬ ቢያጋጥምዎ በእርስዎ ብቻ የመጣ አይምሰልዎ፤ ለሁሉም ሰው እንደዚሁ ነኝ።

ምናልባት የሲኞራን ሱቅ የማያውቁት እንደሆነ ላስተዋውቅዎ። ምናልባት ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ አራተኛው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚገባው። ሳላሚ የሚሉት የጣልያን ቋሊማ ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ ረጅም ሰው ግንባሩን ሳያስነካ አያልፍም። ከመስታወቱ ጀርባ አይቡ ፎርማጆ፣ ቋሊማው ሞርታዴላ፣ ወይራው፣ በዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈው ደረቅ ቲማቲም ተደርድሯል፤ ከዚያ ጀርባ የሥጋ መቁረጫው ማሽን አለ፤ ከማሽኑ ጀርባ ሲኞራ አሉ። ሲኞራ የምንላቸው ሟቹ ባለቤታቸው ጣልያን ስለነበሩ ነው። ሱቁን የከፈቱት ሟቹ ሲሆኑ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ማሽኑን፣ ሙያውንና ቁጣውን ለሚስታቸው አስረክበው ሄደዋል። ከሦስቱ አንዱም አልደነዘዘም።

በሲኞራ ቤት ሳንድዊች አይታዘዝም። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ከእርስዎ መመሪያ በፊት የነበረ፣ ያለ ማኅተም የሚሠራ ሕግ ነው። ተራዎ ሲደርስ ሲኞራ ቀና ብለው ፊትዎን ያዩታል፤ ከዚያ ማሽኑ ይዞራል። ከአለቃው ጋር የተጣላ ሰው ቃሪያው ይበዛለታል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ፎርማጆው ይወፍርለታል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሞርታዴላው በጣም ስስ ሆኖ ተደራርቦ ይመጣለታል፤ ሳያኝከው ይወርድለታል። አንድ ቀን እኔ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌ ብገባ ሁለት ሳንድዊች ጠቅልለው ሰጡኝና አንዱን ለእሷ ውሰድ ብለው አባረሩኝ። መኳረፋችንን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ እያጣራሁ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰላማዊ ሱቅ በር ላይ አንድ ማለዳ የእርስዎ መመሪያ ተለጥፎ አገኘነው። ቅሬታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፦ መመሪያው ማንኛውም ሱቅ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ሠራተኞቹ አርፈው፣ ተቀምጠው፣ ተረጋግተው ምሳቸውን እንዲበሉ ያዝዛል። አሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ማን ይቃወማል? ትንሽ ያደናገረን ነገር ቢኖር ምሳ የሚሸጠው ሱቅም በምሳ ሰዓት መዘጋቱ ነው። በዚህ መሠረት ረሃብ ሲመጣ ምግቡ ይዘጋል፤ ረሃቡ ወደ ሥራው ሲመለስ ምግቡ ይከፈታል። የጋራዡ መካኒክ፣ ይህን ያወጣ ሰው ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላው እንዳይረጥብ አጥፎ ብብቱ ውስጥ የሚከት ሰው ነው ብሏል። እኔ አላልኩም። መካኒኩ ነው ያለው። እኔ ሳቅሁ እንጂ ቃል አልተነፈስኩም።

ይልቅስ እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃ ሥር በቅርቡ አንድ ባለ መስታወት ምግብ ቤት ተከፍቷል። ሳንድዊቹ በፕላስቲክ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደረደራል፤ ዳቦው ስፖንጅ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ግድ ይላል። ይህ ቤት በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ሱቅ ሳይሆን የሠራተኞች መመገቢያ ነው ተብሎ መመሪያው አይነካውም። የከተማው በር ሁሉ ተዘግቶ የእርስዎ ደረጃ ሥር ያለው በር ብቻ ወለል ብሎ ሲገኝ ምን ላስብ? ክቡርነትዎ በቤቱ ውስጥ ድርሻ አለዎት ብዬ አሰብኩ። ለጎረቤቶቼም ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለማያውቁኝም ሰዎች ነግሬያለሁ። ስለዚህ ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ሁለተኛ፦ ስለ ዘመዶቹ። መመሪያዎ በሩ በተዘጋበት ሰዓት ከሱቁ ባለቤትና ከቤተሰቡ አባላት በስተቀር ማንም ሰው በውስጥ እንዳይገኝ ይከለክላል። ይህን አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነበበልን ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፣ ከዚያ አክስቴ ጋ ምሳ ልበላ ነው ብሎ ገባ። እኛም ቆመን አየነው። ሲኞራ የማንም አክስት እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ሆኖም ፀጉር አስተካካዩ በሳላሚና በቃሪያ የተሞላውን ዳቦ ይዞ በመስታወቱ ውስጥ ሲያየን ዝምድና ምን ያህል ቶሎ ሊገኝ እንደሚችል ተገለጠልን።

በማግስቱ የፋርማሲዋ ባለሙያ ምራት ሆነች። የባንኩ ዘበኛ የወንድም ልጅ፣ መካኒኩ የእንጀራ ልጅ፣ የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት የልጅ ልጅ ሆኑ፤ እኔም የሟቹ ጣልያን ታናሽ ወንድም ሆንኩ። ከጣልያንኛ የማውቀው ቻው የሚለውን ብቻ ቢሆንም ይህ ወንድምነቴን አልቀነሰውም። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ለሲኞራ ምናቸው ነህ እያለ ይጠይቃል፤ መልስ ያጣ ደጅ ይቀራል። አንድ ቀን በችኮላ ጡረተኛው የሒሳብ መምህርና የታክሲው ሹፌር ሁለቱም ባል ነን ብለው ገቡና እርስ በርሳቸው ተፋጠጡ። ሲኞራ ከማሽኑ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ሁለቱንም ከፈታኋቸው ቆይቷል፣ ሳንድዊቻቸውን ሰጥታችሁ አሰናብቱልኝ አሉ። ክቡር ሆይ፣ በመመሪያዎ ምክንያት ይህ መንገድ ሰላሳ የሚሆን የቅርብ ዘመድ ስላፈራ ልባዊ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛ፦ ስለ ተቆጣጣሪዎችዎ። እጅግ ትጉ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው ይጨመርላቸው። የመጀመሪያው መጥቶ በሩን አንኳኳ፣ ገባ፣ ግንባሩ ሳላሚ ነካ፤ ከዚያ መካኒኩን የሲኞራ እናት ስማቸው ማን ይባላል ብሎ ጠየቀው። መካኒኩ አፉ በሞርታዴላ ተሞልቶ ስለነበር እያኘከ በእጁ ቆይ አለው፤ አሁንም እያኘከ ያለ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪው መልሱን ሲጠብቅ ሲኞራ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ከዚያ ማሽኑ ዞረ። ሰውየው ግማሹን ከበላ በኋላ በእናቱ በኩል ሲቆጠር እሱም የሩቅ ዘመድ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግሯል። ስሙን አልጠቅስም፤ ልጆች አሉት።

ሁለተኛው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። አልበላም። ጥቁር ብርጭቆ የመሰለ ፊት ይዞ ቆሞ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን፤ ከዚያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ያለውን ወረቀት ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። በመጪው ሰኞ በምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ በውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ዘመድነቱን በማስረጃ ያረጋግጣል፤ አንድ ሐሰተኛ ከተገኘ የሲኞራ ፈቃድ ይሠረዛል፣ ሱቁም ላይከፈት ይታሸጋል ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ማኅተም አለ፤ እንደ ትልልቅ ሰዎች ፊርማ ሁሉ የማይነበብ ፊርማም አለ። ሲኞራ ወረቀቱ ሲነበብ ሰሙና ወደ ማሽኑ ተመለሱ። ነገር ግን የዚያን ቀን ሞርታዴላው ተዛብቶ ተቆረጠ፤ አንዱ ዳር ቀጭን፣ ሌላው ዳር ወፍራም። የእሳቸው እጅ እንዲህ ሲቆርጥ አይተን ስለማናውቅ ሁላችንም አጎንብሰን በላን። እኚህ ሴት ያለዚያ ሱቅ ምን ይሆናሉ? ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። የሚያናግራቸው ሰው እኛ ነን። እኔ ፈራሁ፤ ፈራሁ ስል እያሾፍኩ አይደለም።

አራተኛ፦ ስለ ቡናማ ኮቱ ሰውዬ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ትንሽ ወንበርዎን እንዲያስጠጉ እጠይቃለሁ። ዘመድ በሆንን በሁለተኛው ቀን ገደማ አንድ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ብዙ የማይናገር ሰውዬ ከመካከላችን ተገኘ። የዚህ መንገድ ሰው አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ለሲኞራ ምናቸው ነህ ቢለው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እኔ ምንም አይደለሁም፣ ለዘመዳቸው ነው የምወስደው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። ሰላሳ ሰው ነኝ ነኝ እያለ ሲገባ አይደለሁም ብሎ የሚገባ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰላይ ነው ብዬ ወሰንኩ።

በየቀኑ ስከታተለው የባሰ ነገር አየሁ። ሲኞራ ለሰውዬው የራሱን ሳንድዊች እንደማንኛችንም ፊቱን አይተው ይሠሩለታል። ሁለተኛው ሳንድዊች ግን ገና ሳይመጣ ተሠርቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ነገሩ ይገባዎታል? ሲኞራ ፊት ሳያዩ ሳንድዊች ሠርተው አያውቁም። ባለቤቴ ታምማ ተኝታ ሳለ እንኳ፣ መልኳ እንዴት ነው፣ ዓይኗ ጎድጉዷል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነው የሠሩላት። ታዲያ ይህ ሁለተኛ ሳንድዊች የማን ፊት ታይቶ ይሠራል? ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዩት ሰው ማን ነው?

አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። መመሪያዎ በምሳ ሰዓት መዝጋት ግዴታ ስላደረገው ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ያለ እርስዎ ጊዜ አላገኝም ነበር። ሰውዬው ሳንድዊቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሊባል በሚችል አኳኋን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃ ሄደ። ያንን ባለ መስታወት ምግብ ቤት ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አለፈው። ሊፍት ውስጥ ገባ። የሕንፃው ጥበቃ ቁልፎቹን የቀረጽኩለት ወዳጄ ስለሆነ ይህ ሰው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። የኃላፊው ሹፌር ነው፣ ምሳቸውን ይዞ ነው፣ በዚህ ሰዓት ማንም እንዳይገባባቸው አዝዘዋል አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሆድዎን በሰላምታዬ ውስጥ ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ደሜ ፈልቶ ነበር። የሰውን ምሳ ዘግቶ፣ ራሱ በዝግ በር ከዚያው ምሳ የሚበላ ሰው! ሱቁ ውስጥ ገብቼ በሩን ከኋላዬ እንኳ ሳልገጥመው ያየሁትን ሁሉ ለዘመዶቼ አወራሁ። ቤቱ ተናወጠ። ፀጉር አስተካካዩ ከነገ ጀምሮ ሰውዬው በዚህ በር እንዳያልፍ አለ። የፋርማሲዋ ባለሙያ ሳንድዊቹ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ነገር የተናገረችውን በጽሑፍ ማስፈር ለእሷም ለእኔም ጥሩ አይደለም። መካኒኩ ደግሞ ቃሪያ ብቻ ይበቃል፣ ግን ብዙ አለ።

ማሽኑ ቆመ። በምሳ ሰዓት ያ ማሽን ሲቆም ሰምተን አናውቅም፤ ስለዚህ ሁላችንም ወደ ሲኞራ ዞርን። ሲኞራ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «ልጄ ነው» አሉ።

ሲኞራ ልጅ እንዳላቸው ሰፈሩ ያውቃል። ስለ እሱ ሲጠየቁ ሥራ ይበዛበታል ብለው ማሽኑን ያዞራሉ፤ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሠራ ግን ተናግረው አያውቁም፤ እኛም ሩቅ አገር ያለ መስሎን ደግመን አንጠይቅም። የዚያን ቀን የነገሩንን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ መንገደኛውም እንዲያውቀው ልጻፈው። ከመመሪያው በፊት ባለው ወር እርስዎ እናትዎን ሊጠይቁ መጡ። እግራቸው አብጦ፣ ጫማቸው አልዘጋ ብሎ አዩ። ይቀመጡ እንጂ እማዬ፣ ቢያንስ ምሳዎን ተቀምጠው ይብሉ ብለው ለመኑ። እሳቸው እምቢ አሉ። እርስዎ ተቆጡ፤ ይህ ሱቅ ይገድልዎታል አሏቸው። እሳቸውም ተቆጡ፤ የአባትህን ሱቅ እንዲህ አትበል አሉዎት። እርስዎ በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልመጡም።

«ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ አልቀመጥም፣ በሩ ተዘግቶ ካላየሁ አልቀመጥም አልኩት» አሉ ሲኞራ። «ዘጋው።»

ከዚህ በኋላ ቅሬታዎቼን ቁጥር አልሰጣቸውም፤ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ክቡር ሆይ፣ በምግብ ቤቱ ውስጥ ድርሻ አለዎት ብዬ ያወራሁትን አንሥቻለሁ። የነገርኳቸውን ሰዎች ሁሉ እየዞርኩ እየነገርኳቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ግን የመጀመሪያውን ወሬ ይመርጣሉ፤ ምን ላድርግ? በሕይወቴ ብዙ ዓይነት የተዘጋ በር አይቻለሁ። ሚስት ተቆጥታ የዘጋችው፣ ባለዕዳ ፈርቶ የዘጋው፣ ነፋስ የዘጋው፣ ቁልፉ ውስጥ የቀረበት። እናቱን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ብሎ የአንድን ከተማ በር ሁሉ የዘጋ ልጅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ጥልቅ ፍቅርዎ ኮፍያዬን አውልቄ አመሰግንዎታለሁ። ለእኛ ሊያዳርሱት ባይገባም ፍቅሩ ለሁላችንም ደርሶናል፤ ጫማ ሻጩ፣ ወረቀት ሻጩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ሁሉም በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ የእናትዎን እግር ያስታምማል።

አሁን ደግሞ ውጤቱን ላሳውቅዎ። እናትዎ አልተቀመጡም። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቸው ቆመዋል። ምክንያቱም እኛ ሰላሳ የምንሆን ዘመዶቻቸው ውስጥ ነን፤ ዘመድ ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ሁላችንም እግራቸውን አየን። አቤት፣ ያን ጊዜ ያፈርኩትን! ስንት ጊዜ እዚያ ቤት ገብቼ በልቻለሁ፤ ፊቴን አይተው ስንት ነገር አውቀውልኛል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብዬ እግራቸውን አላየሁም። ከሰላሳ ዘመድ አንድ ወንበር ያመጣ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ በኩል እርስዎን ለመውቀስ የሚያበቃ አፍ የለኝም፤ አፌ ሳንድዊች በዝቶበት ኖሯል።

በሌላ በኩል ግን እወቅስዎታለሁ። እርስዎ አይተዋል። ያበጠውን እግር አይተው፣ አዝነው፣ ተቆጥተው፣ ቢሮዎ ሄደው አንቀጽ ጻፉ። አንድ ወንበር ገዝተው በሹፌርዎ ቢልኩ ይቀልዎት ነበር፤ ራስዎ ተሸክመው ቢመጡ ደግሞ የበለጠ ይቀል ነበር። እርስዎ ግን ሹፌርዎን ባዶ እጁን እየላኩ ሳንድዊች አስመጡ። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ ብያለሁ፤ አሁንም አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። እናትዎ ቀና ብለው ፊትዎን እንዳያዩት ፈርተው ነው የሚቀሩት እላለሁ። ምን እንደሚያዩበት ስለሚያውቁ።

እሳቸውም ኩራት አለባቸው፤ ልጄ ይምጣ ብለው አይልኩም። ሳንድዊች ብቻ ይልካሉ። ስለ ሰኞው ማስጠንቀቂያም ለምን ለልጅዎ አይነግሩትም ብንላቸው፣ የልጄን ሥራ አላበላሽም፣ ፈርሞ ከሆነ ፈርሟል አሉን። በእርስዎ ፊርማ ሱቃቸውን ሊያጡ ነው፤ እርስዎን ግን ሥራ ይበዛበታል ይላሉ። ይህን ስሰማ ወደ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ስለ ሰኞ ተነጋግረናል። እናትዎ የማያውቁት ምክክር ነው፤ ይህንን ደብዳቤም የለጠፍኩት በሱቄ መስታወት ላይ ሲሆን፣ እናትዎ መንገዱን ተሻግረው የሚያነቡበት ጊዜ ኖሯቸው ስለማያውቅ አይደርሳቸውም። ለእርስዎ ዛሬ በሹፌርዎ እጅ ከሳንድዊቹ ጋር ተጠቅልሎ ይደርስዎታል። ዘይት ከነካው ይቅርታ።

ውሳኔያችን ይህ ነው። ሰኞ ተቆጣጣሪዎችዎ ሲመጡ ከእኛ አንድም ሰው ውስጥ አይኖርም። ምራቷ ፋርማሲዋ ውስጥ፣ የእንጀራ ልጁ ጋራዡ ውስጥ፣ የተፈቱት ሁለት ባሎች በየቤታቸው ይሆናሉ። እኔ ከፊት ለፊት በመስታወቴ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። ጠዋት መካኒኩና እኔ ሁለት ወንበሮች አስገብተን ከማሽኑ አጠገብ እናስቀምጣለን፤ እምቢ ቢሉም እናስቀምጣለን። በሩ ይዘጋል። ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው አይኖርም። እናትዎ ባሉት ቃል መሠረት ለመቀመጥ የሚያግዳቸው ምንም ነገር አይቀርም፤ መመሪያዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ይፈጸማል።

ተቆጣጣሪዎቹ ገብተው የቤተሰብ አባል ማን አለ ብለው ይጠይቃሉ። እናትዎ መልስ አይሰጡም፤ ያውቋቸዋል። ያን ጊዜ ከሁለተኛው ወንበር ላይ እርስዎ ተቀምጠው ከተገኙ መልሱ እሱ ነው፤ በዚህ ከተማ በዚያ ሰዓት በዚያ በር ለመግባት ሕግ የሚፈቅድለት አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎትና። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ የታዘዙትን ያደርጋሉ፤ የሱቁ ባለቤት ብቻቸውን ተቀምጠው ተገኝተዋል፣ ቤተሰብ የላቸውም ብለው ጽፈው ያመጡልዎታል። ከሥሩ መፈረም ብቻ ነው የሚቀርዎት።

በር ሲያንኳኩ በኃይል አያንኳኩ፤ ማጠፊያው ባለፈው ሲወጡ ስለላላ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። እኔ ልጠግነው ብዬ እናትዎ የዘጋው ሰው ይጠግነዋል ብለው ከልክለውኛል፤ እርስዎን ማለታቸው እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ከወገቤ ዝቅ፣ ሙያዬም ስለሆነ እስከ ቁልፍ ቀዳዳው ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእጅዎ ከብዕር የከበደ ነገር መሸከም የሚችል ጉልበት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልተወገደ ጥርጣሬ ጋር፣

የአባትዎ ሐሰተኛ ወንድም፣ በመመሪያዎ መሠረትም የእርስዎ ሐሰተኛ አጎት፣
ቁልፍ ቀራጩ

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ሹፌርዎ ጨዋ ሰው ነውና እንዳይቀጡት አደራ። እናትዎ ሳንድዊቹን ሲያስረክቡት በየቀኑ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ትናንት ተቀምጦ ነው የበላው?» ይሉታል። እሱም አዎ፣ ተቀምጠው ነው ይላቸዋል። እኔ ግን ለብቻው ይዤ አጣራሁት። እርስዎ በመስኮቱ በኩል ወደዚህ መንገድ እያዩ፣ ቆመው ነው የሚበሉት። እናትዎም በተራቸው እርስዎን ለማስቀመጥ መመሪያ እንዳያወጡብን ፈርተን አልነገርናቸውም።